ቀስ ብለን እንጫወት!

ክራራችን ከግድግዳ ወርዶ አያውቅም። በየመኝታ ክፍላችን ለጌጥ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። «ለምን አትጫወተውም?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ኧረ እኔ! ይኼ እኮ በደም የሚገኝ ነው።»

ውሸት ነው እንላለን!

የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ እየመታ አልተወለደም። ከአባቱ ሥር ተቀምጦ በዚያች በአንዲት የጭራ ክር ሲሳሳትና ሲታረም ዓመታት አልፈዋል። ያን ጊዜ እኛ አልነበርንም፤ ያየነው መድረክ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። እንግዲህ ደም ያልነው ነገር ለካ ጊዜ ኖሯል።

ቀድሞ ክራር «የሰይጣን መሣሪያ» እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ለጨዋ ልጅ በገና ነው የሚገባው ይባል ነበር። ዛሬ ደግሞ የካሳ ተሰማንና የአስናቀች ወርቁን ክራር በስልካችን እያዳመጥን «ከነሱ ወዲያ ማን ይነካዋል!» እንላለን። ትናንት ዝቅ ያለ ነው ብለን ሸሸነው፤ ዛሬ ከፍ ያለ ነው ብለን እንሸሸዋለን። ሽሽት ያው ሽሽት ነው።

ስለዚህ የጀማሪዎች የክራር ቡድን እንጀምራለን። ዋናው ደንባችን ይህ ነው፦ የሁላችንም ፍጥነት ከመካከላችን የመጨረሻው ዘገምተኛ ፍጥነት ነው።

«ዜማ ልትገድሉ ነው» የሚሉን ጎበዞች አሉ። እስቲ እጃችንን እዩ! በግርፍ ስንጫወት ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። የትኛው ጣት መቼ እንደሚነሣ እጅ የሚለምደው በዝግታ ነው። ሳይለምድ የሮጠ እጅ የሚያወጣው ጫጫታ ነው። ታዲያ ዜማ ገዳዩ ማነው?

ሐሳቡም የኛ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ ብሉግራስ የሚባል የባንጆ፣ የቫዮሊን፣ የማንዶሊንና የጊታር ሙዚቃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በቢል ሞንሮ ቡድን ቅርጽ የያዘ፣ በፍጥነቱ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነው። እዚያው አገር ግን ጀማሪዎች ክብ ሠርተው ያንኑ ሙዚቃ በዝግታ ይጫወታሉ። ተራው የደረሰው ዜማውን ይመራል፤ ያልደፈረ በራሱ ነቅነቅ አድርጎ ለጎኑ ያሳልፋል። ማንም አይስቅበትም።

እኛም እንዲሁ። በመጀመሪያው ወር ቅኝታችን ትዝታ ብቻ ይሆናል፤ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይቆዩን። መቃኘት የሚያውቅ ላላወቀው ይቃኝለት። የተሳሳተ ይቀጥል እንጂ አይቁም። ጎበዝም ይምጣ፤ ሩጫውን ግን በር ላይ ይተወው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የማይል ማን አለ? ወደ ክራር ስንመጣ ግን እንቁላሉ ዛሬውኑ ካልበረረ እንላለን። ጓደኞቻችን፣ ሰሚ ብቻ እንደሆንን ልንመረቅ ነው? ክራሩን አውርዱ፤ አቧራውን ጥረጉና ኑ!