የግራር ጥላ ለጋሪ ፈረስ ማረፊያ እንጂ መጣያ አይሁን

ከቢሾፍቱ ጀምሮ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚገኙት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከጋሪ ፈረስ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ውሃው፣ እህሉ፣ ጡቡና የገበያው ዕቃ፣ መንገደኛውም ጭምር፣ ለብዙ ዓመታት የተመላለሰው በፈረስ ጉልበት ነው። ዛሬ ባጃጅ ብዙውን የመንገደኛ ሥራ ቢወስድም፣ ጋሪውም በብዙ ቦታ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ቢገፋም፣ በአንድ ፈረስ ገቢ የቤት ኪራዩን የሚከፍልና ልጆቹን የሚያስተምር ቤተሰብ አሁንም አለ። ስለዚህ የፈረሱ ደህንነት የእንስሳ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነው።

ስለ ጋሪ ፈረስ ጭነት፣ ስለ ጠፍሩና ስለ ጀርባው ቁስል ብዙ ተነግሯል። ፈረሱ ከጋሪ ከተፈታ በኋላ የት እንደሚውል ግን እምብዛም አይነገርም። በየከተማው ዳር እንደሚታየው ፈረሱ የሚለቀቀው በመንገድ ዳር ባለ ሣር ላይ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር፣ ይልቁንም ከከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የግራር ሥር ግጦሽ ላይ ነው። ይህን ቦታ በሚመለከት ሁለት ዓይነት ልማድ አለ። አንዱ፣ እሾሁ ፈረስ ይጎዳል በማለት ዛፉን መቁረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ያነከሰውን፣ የታመመውንና ያረጀውን ፈረስ ወስዶ እዚያው መልቀቅ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ከሁለቱም የሚከፋው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ደህናውን የግጦሽ ቦታ ወደ በሽታ መናኸሪያ የሚለውጠው እርሱ ነው።

የዛፍ ጥላ ያለው ጥቅም

የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ስለዚህ እንደ በሬ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ተኝቶ የሚያመሰኳ ሳይሆን፣ ጥቂት በጥቂት የቀኑንና የሌሊቱን ብዙ ሰዓት ሲግጥ የሚኖር እንስሳ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚሆን ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል። በሙቀት ጊዜ ሲሠራ ከዋለ ደግሞ ከ30 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ከንጋት ጀምሮ ጋሪ ሲጎትት የቆየ ፈረስ በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ ቢታሰር መኖ ቢኖረውም በደንብ አይበላም። በጥላ ሥር ግን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ላቡ ይደርቃል፣ መጋጡንም ይቀጥላል።

የሣሩም ነገር እንዲሁ ነው። በግራር ጥላ ሥር ያለው ሣር ሜዳ ላይ ካለው ይልቅ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። በስምጥ ሸለቆ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ሳይቆርጡ የሚተዉት ገርቢ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ በመሆኑ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ጥላም መኖም ይሰጣል።

ዛፉን መቁረጥ መፍትሔ የማይሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ግራር ሲቆረጥ እሾሁ አይጠፋም። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ይበተናል፣ ጉቶው እንደገና ሲያቆጠቁጥም እሾሃማው ቀንበጥ ከፈረሱ ዓይንና ደረት ትይዩ ይሆናል። በአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያና በሌላውም ስፍራ ለከሰልና ለእርሻ የተመነጠረው የግራር ደን ትቶት የሄደው ይህንኑ ነው፤ ጥላ የለም፣ ጉቶና እሾህ ግን አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ በአያያዛችን ጉድለት የመጣውን ጉዳት በዛፉ ማሳበብ አይገባም።

እዚህ ላይ ግራርን ከፕሮሶፒስ መለየት ያስፈልጋል። ከአፋር ተነሥቶ በአዋሽ ሸለቆ ወደ ፈንታሌና መተሐራ አካባቢ የተስፋፋው ይህ መጤ ዛፍ ሣሩን አፍኖ የሚያጠፋ ነው። እሾሁ ብርቱ ነው። ጣፋጭ ፍሬውን አብዝቶ የበላ ፈረስም ሆዱ ደርቆ በቁርጠት ሊሞት ይችላል። ዘሩ በእንስሳት ፋንድያና እበት ስለሚዛመት፣ በግጦሽ ቦታ ላይ ሲበቅል ገና በችግኝነቱ ከነሥሩ መነቀል አለበት።

እሾህ፣ ቁስልና ቢቼ

የእሾህ ጉዳት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በሰኮና በኩል ነው። በሰኮና ውስጥ ገብቶ የተሰበረ እሾህ ወይም ምስማር ከላይ ሲታይ ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ በውስጡ ግን መግል ይቋጥራል። ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ ይበልጥ በቴታነስ የሚጠቃ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጥልቅና ጠባብ ቁስል ለሞት ሊያበቃው ይችላል።

ሁለተኛው በቆዳ በኩል ነው። በአካባቢያችን ባለጋሪዎች ቢቼ የሚሉት በሽታ የሚመጣው ከሻጋታ ወገን በሆነ ረቂቅ ነፍስ ሲሆን፣ ወደ ፈረሱ ሰውነት የሚገባው በቁስልና በጭረት ነው። በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እባጮች ይወጣሉ፤ እባጮቹም ፈንድተው መግል ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በ28 የአገራችን ከተሞች ከተመረመሩት 19,000 ያህል የጋሪ ፈረሶች መካከል ከአምስቱ አንዱ ለማለት የሚቻለው ያህል ይህ በሽታ ተገኝቶበታል። በሽታው የሚበረታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ሞቃትና እርጥበት አዘል ቦታዎች ነው። አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ሁሉም የሚገኙት በዚሁ ከፍታ ላይ ነው።

አሁን የታመመውን ፈረስ ግራር ሥር የመልቀቅን ልማድ ከዚህ ጋር አያይዘን እንመልከት። የታመመው ፈረስ እከኩን በግንድ ላይ ያሻል፣ መግሉን በሣርና በአፈር ላይ ያንጠባጥባል። የበሽታው ረቂቅ ነፍስ ደግሞ ከእንስሳው ሰውነት ውጭም ለተወሰነ ጊዜ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ዝንብም ከቁስል ወደ ቁስል ያመላልሰዋል። በማግሥቱ ደህና ፈረስ እዚያው ቦታ ይሰማራል፣ እሾህ ይጭረዋል፣ ያንኑ ግንድ ይታከካል። እንግዲህ ግራሩ ያደረገው ጭረት ብቻ ነው፤ በሽታውን ያመጣነው እኛ ነን።

ፈረሱን የለቀቀው ሰው ጨካኝ ነው ማለታችን አይደለም። ሥራ የማይሠራ ፈረስ ገቢ የለውም፤ ፉርሽካና ጭድ ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ብዙ ባለጋሪ ፈረሱን ሲለቅ «ሣር እየበላ ይዳን ይሆናል» የሚል ተስፋ አለው። ነገር ግን ተስፋውና ውጤቱ አይገናኙም። ቢቼ ገና እባጩ ጥቂት ሳለ በእንስሳት ሐኪም ሲታከም የመዳን ዕድል አለው፤ በሰውነት ላይ ከተሠራጨ በኋላ ግን ሕክምናው ረጅም፣ ውዱና አብዛኛውን ጊዜ ፍሬ ቢስ ነው። ስለዚህ በመልቀቅ የሚጠፋው ጊዜ ፈረሱ ሊድን ይችል የነበረበት ጊዜ ነው። ለመዳን ተስፋ የሌለው ከሆነም በሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ቆሞ እየበሰበሰ ለጅብ ከመተው ይሻላል። ይህን መወሰን ለባለቤቱ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን አለመወሰኑ የሚያስከፍለው ዋጋ በጎረቤቱ ፈረስና ነገ ራሱ በሚገዛው ፈረስ ላይ ይደርሳል።

በተግባር ሊደረጉ የሚገባቸው

ቀጥሎ የተዘረዘሩት ሥራዎች ከገንዘብ ይልቅ ትጋት የሚጠይቁ ናቸው።

ሀ/ ቦታውን በእግር ማሰስ። ፈረስ ከመልቀቅ በፊት፣ በተለይም ነፋስና ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ የወደቀውን እሾሃማ ቅርንጫፍ፣ ሽቦ፣ ምስማር፣ የጠርሙስ ስባሪና ፌስታል መልቀም ያስፈልጋል። የተራበ ፈረስ ፌስታል ይበላል፤ ይህም አንጀቱን ዘግቶ ለሞት ያደርሰዋል። የተለቀመው እሾህ ከግጦሹ ወሰን ውጭ ለአጥር ይሆናል።

ለ/ ዛፉን መግረዝ። ፈረሱ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ዓይኑን እንዳይወጋው ከመሬት እስከ 2 ሜትር ተኩል ድረስ ያሉት ቅርንጫፎች ከግንዱ አስጠግተው መገረዝ አለባቸው። ቀድሞ የተቆረጠ ጉቶ ካለ ከመሬት ጋር አስተካክሎ መጨረስ ይገባል፤ በገጀራ አግድም የተቆረጠ ጉቶ እንደ ጦር ይወጋልና። ገለባና ሣር ያጣ ፈረስ የዛፍ ልጥ ልጦ ስለሚበላ፣ ለጋ ችግኞች እስኪጠነክሩ በአጥር ይከለሉ።

ሐ/ መርዛማ ተክሎችን መለየት። በከተማ ዳር ጉሎ፣ አጤ ፋሪስና የወፍ ቆሎ በብዛት ይበቅላሉ። የጉሎ ፍሬ በጥቂቱም ቢሆን ፈረስ ይገድላል። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል። ከግቢ የተከረከመ የአቮካዶ ቅጠልም ለፈረስ መርዝ ስለሆነ በግጦሽ ላይ መጣል የለበትም። ፈረስ ሲጠግብ መራራውን ይተዋል፣ ሲርበው ግን ያገኘውን ይበላል። ስለዚህ በበጋ ጭድ ወይም ገለባ አብልቶና ውሃ አጠጥቶ መልቀቅ ጥሩ መከላከያ ነው።

መ/ ገመድና ጉድጓድ። በዛፍ መካከል በረጅም ገመድ የታሰረ ፈረስ ግንዱን ሲዞር ገመዱ ተጠቅልሎ ከጥላና ከውሃ ይለየዋል፣ አንዳንዴም ያንቀዋል። የፊት እግሮቹን አስተሳስሮ መልቀቅም ከአደጋ እንዳያመልጥ ያደርገዋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ መከላከያው ሩጫው ነውና። ከማሰር ይልቅ ጠባቂ ማቆም ይሻላል። ከሰል የከሰለበት፣ አሸዋና ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድም በእሾህ ወይም በድንጋይ ይከለል።

ሠ/ ማታ ወደ ቤት ማስገባት። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለውን ፈጣን ገዳይ የምታዛምተው ከትንኝ የምታንስ ደም መጣጭ በራሪ ናት። ይህች በራሪ አብዝታ የምትነክሰው ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ንጋት ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታም ትራባለች። ስለዚህ በክረምት ማብቂያ በቆቃ፣ በዝዋይና በሌሎች ሐይቆች ዳር የሚያድር ፈረስ ለዚህ አደጋ ይበልጥ ይጋለጣል። ጅብም የሚመጣው በዚያው ሰዓት ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ ማስገባት ሁለቱንም ይከላከላል። ይሁን እንጂ ጋጣው ክትባትን አይተካም፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ማስከተብ ያስፈልጋል።

ረ/ ዘወትር መመርመር። ማታ ማታ አራቱን ሰኮና አንሥቶ ማየት፣ እግርና ደረትን በእጅ መዳሰስ፣ መዥገር መልቀም፣ ጭረት ሲገኝ በንጹሕ የጨው ውሃ ማጠብ ይገባል። ጥልቅ የሰኮና ቁስል ሲኖር ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። እባጭ የታየበት ፈረስ ለብቻው ይታሰር። ጠፍሩና ልጓሙ ለሌላ ፈረስ አይዋስ።

የከተማው አስተዳደርና የባለጋሪዎች ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ የሚያደርግ ባለጋሪ ቢኖርም፣ በጋራ ግጦሽ ላይ ብቻውን ብዙ ሊሠራ አይችልም። እርሱ እሾህ ሲለቅም ሌላው ሽቦ ይጥላል፤ እርሱ ሲያሳክም ሌላው የታመመ ፈረስ ይለቃል። በመሆኑም በየከተማው ዳር የቀረው የግራር ቦታ እንደ ባዶ መሬት መቆጠሩ እንዲቀር እናሳስባለን። የከተማ አስተዳደሮች ከባለጋሪዎች ጋር ተመካክረው ጥላ፣ ውሃና አጥር ያለው የፈረስ ማረፊያ ቢለዩ፣ ዛፉም ከከሰል አክሳይ ይጠበቃል፤ ፈረሱም ከመንገድ ዳርና ከቆሻሻ መጣያ ይርቃል። ባለጋሪዎች በበኩላቸው ሁለት ደንብ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ይኸውም ቦታውን በየተራ ለማጽዳትና የታመመ ፈረስ ወደዚያ ላለማስገባት ነው።

የእውቀት እጥረት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምም እዚያው ነው። የጎደለው የሚመክረውንና የሚታከመውን የሚያገናኝ የታወቀ ቦታ ነው። ሐኪሙ መቶ ፈረስ ፍለጋ መቶ ቤት ከሚዞር፣ መቶው ፈረስ በአንድ ጥላ ሥር ቢያገኘው ክትባቱም ምርመራውም በአንድ ቀን ሊከናወን ይችላል።

የጋሪ ሥራ ወደፊት ሊቀንስ እንደሚችል እንገነዘባለን። ሥራው ሲቀንስ ደግሞ የሚለቀቀው ፈረስ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ዛሬ ደንብ ካልተበጀለት ነገ ይብሳል። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ ባለጋሪ ፈረሱን ከመልቀቁ በፊት ቦታውን አንድ ጊዜ በእግሩ እንዲዞር፣ ማታም ሰኮናውን ሳያይ እንዳያሳድር አደራ እንላለን።