ከድልድዩ በኋላ ወዴት?

እሑድ ማታ ከቢሾፍቱ ስትመለሱ አስተውላችሁ ይሆናል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ልጆቹ የጀመሩትን ጨዋታ ሳይጨርሱ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳላችሁ። የክፍያ ጣቢያውን አልፋችሁ ወደ ከተማው ስትጠጉ ግን መኪናው መንፏቀቅ ይጀምራል። ከኋላ ወንበር «ደረስን?» የሚለው ጥያቄ ይደጋገማል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ቤት ስትገቡ ልጁ ተኝቷል፣ ራት አልበላም፣ የሰኞ የቤት ሥራም አልተሠራም።

በየአቅጣጫው ሦስት መስመር ያለውና ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መባቻ አገልግሎት ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ ተደስቷል፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን መንገድ እንደ እንስራ ነው፤ ሆዱ የቱንም ያህል ቢሰፋ ውኃው የሚወጣው በአንገቱ ልክ ነው። መጨናነቁ የሚጀምረው መኪኖች በሚገቡበት፣ በሚወጡበትና በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ቀለበት መንገዱ ላይ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። ከጎን መንገድ የሚገባው መኪና ወደ ግራ ይጠጋል፤ ሊወጣ የፈለገው ደግሞ ወደ ቀኝ ይጠመዝዛል። መግቢያውና መውጫው ከተቀራረቡ ሁለቱ በአጭር ርቀት ውስጥ ይጠላለፋሉ። አንዱ ፍሬን ሲይዝ ተከታዩ ይበልጥ ይይዛል፤ ጥቂት መቶ ሜትር ወደኋላ ያለው ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ይቆማል። ስለዚህ አንዳንዴ አዲስ ድልድይ ከመገንባት ይልቅ መግቢያውን ማራቅ ወይም መቀላቀያውን ማስረዘም ይበልጥ ይጠቅማል።

ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ብትጠይቋቸው፣ ወደ ፈጣኑ መንገድ መግቢያ ላይ መኪኖችን ተራ በተራ የሚያሳልፍ የትራፊክ መብራት እንዳለ ይነግሯችኋል። እዚያም ሕዝቡ «ለምን እንቆማለን?» ብሎ አማርሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 430 የሚጠጉ መብራቶች ለሙከራ ለሳምንታት ጠፉ። ውጤቱ ተለካ፤ መንገዱ የሚያሳልፈው የመኪና ብዛት 9 በመቶ ቀነሰ፣ አደጋው ደግሞ 26 በመቶ ጨመረ። መግቢያው ላይ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ዋናውን መንገድ ያንቀሳቅስ ነበር ማለት ነው።

ማስፋት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ደግሞ የቴክሳሷ ሂውስተን አይታለች። እዚያ ኬቲ የሚባለው ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2008 ተስፋፍቶ ሲያልቅ፣ ከጎን መንገዶቹ ጋር አንዳንድ ቦታ እስከ 26 መስመር ደርሶ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጉዞው እንደገና ረዘመ። መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ የማይነዳው መንዳት ጀመረ፤ ራቅ ብሎ ቤት የሠራውም በዛ።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ማሳለጫና ተሻጋሪ ድልድይ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ጎተራ ላይ ማሳለጫ ባይኖር ምን እንደሚሆን ማሰብ ይበቃል። ነገር ግን ዕቅዱ ገና ወረቀት ላይ ሳለ መጠየቅ ይቀላል፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ የሚቀረው ማማረር ብቻ ነው።

ስለዚህ በአካባቢያችሁ መንገድ ሊሠራ ነው ተብሎ ለውይይት ስትጠሩ፣ «ሥራ አለብን» ብላችሁ አትቅሩ። ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መኪናው ከድልድዩ ሲወርድ የሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ይችለዋል ወይ? ካልቻለ ሰልፉ ከእናንተ ሰፈር ወደ ጎረቤት ሰፈር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛ፣ አውቶቡስና ሚኒባስ ታክሲ የት ይቆማሉ? ከመውጫው አፍ ላይ ከቆሙ፣ ተሳፋሪ በጫኑና ባወረዱ ቁጥር መውጫው ይዘጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ እግረኛው በየት ይሻገራል? በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ቀለበት መንገዱ ላይ ልጅ ያዘለች እናት አካፋዩን ለመዝለል ስትሞክር ሁላችንም አይተናል። እብሪት አይደለም፤ መሸጋገሪያው ሩቅ፣ ደረጃውም ብዙ ስለሆነባት ነው። ትምህርት ቤት ከወዲያ፣ ቤት ከወዲህ ከሆነ መሸጋገሪያው ልጆች በሚሄዱበት መስመር ላይ መሆን አለበት። ዊልቸር የሚጠቀመውም፣ ጉልበቷን የሚያማት አያትም የምትወጣው ይሁን።

ጥያቄያችሁን በቃል ብቻ አትተዉት፤ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውንም ያዙ። የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ካለው ደግሞ በኮሚቴው ስም አቅርቡት፤ የአንድ ሰው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ የመቶ ወላጅ ግን በቀላሉ አይቀርም።