ለሐኪሙ የተቆለፈ፣ ለአላፊ አግዳሚው የተከፈተ

ማለዳ በየትኛውም ሪፈራል ሆስፒታል ግቢ የተገኘ ሰው፣ ከክፍለ ሀገር የመጡትን ታካሚዎች በያዙት ፌስታል ይለያቸዋል። ፌስታሉ ውስጥ የራጅ ፊልም፣ የደም ምርመራ ውጤት፣ የአልትራሳውንድ ወረቀትና ከአራት የታጠፈ የሪፈር ደብዳቤ አለ። የአንድ ሰው የሕክምና ታሪክ በአስታማሚ እጅ ተንጠልጥሎ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ ነው እዚህ የሚደርሰው። መንገድ ላይ አንዷ ወረቀት ከጠፋች ሐኪሙ «እንደገና ይሠራ» ይላል። ሌላ ምን ሊል ይችላል?

እንደገና ማሠራት ገንዘብ ማስወጣቱ አንድ ነገር ነው። እንደገና ሊሠራ የማይችለው ግን ይብሳል። ሾተላይ አለብሽ የተባለች እናት ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ሌላ ከተማ ብትሄድ፣ በመጀመሪያው ወሊድ ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት የነበረባትን መርፌ ተወግታ እንደሆነ የሚናገረው ካርድ የድሮው ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ነው። «መርፌ ተሰጥቶሽ ነበር?» ስትባል «ብዙ መርፌ ሰጥተውኛል» ትላለች። ፔኒሲሊን የማይስማማው፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ፣ የኩላሊቱ አቅም ባለፈው ዓመት ስንት እንደነበር የማያስታውስ ታካሚም ዕጣው ያው ነው።

እንዲህ የተቆለፈ መዝገብ ቢያንስ ምስጢር ይጠብቃል ብለን እንዳንጽናና፣ ያም የለም። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ «የየትኛው ክሊኒክ ታካሚ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ ይጠየቃል። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ አንዱ ታካሚ ሳይወጣ ተከታዩ ገብቶ ይቆማል። ሐኪሞች ሲመካከሩ ውጤቱን በስልክ አንስተው በቴሌግራም ይላላካሉ። ለታካሚው አስበው ነው፤ ሌላ መንገድ ስላልተሠራላቸውም ነው። ስሙ ያልተሸፈነ ወረቀት ግን ከአንድ ስልክ ወደ ሌላው ካለፈ በኋላ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መዝገቡ ማየት ለሚገባው ዝግ፣ ለማይገባው ክፍት ነው።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ላለመውሰድ ሌላ ከተማ ድረስ የሚሄዱ ሰዎች ያውቁታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እውነት ነው፤ የማይደብቀውን ሰው ገመና የመጠበቅ ግዴታ ግን የሚያክመው ወገን ነው።

ጤና ሚኒስቴር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው ሥርዓት በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ሪፖርቶች ከጤና ተቋማት ወደ ላይ በኮምፒውተር ይወጣሉ። ይህ ግን ቁጥር ነው፤ በወረዳው ስንት የወባ ታማሚ እንዳለ ይናገራል እንጂ ስለ እርስዎ አያውቅም። ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መዝገብ የተሻገሩ ሆስፒታሎችም አሉ። የአንዱ ሥርዓት ከሌላው ጋር ካልተነጋገረ ግን ሕሙማኑ አሁንም ፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ የተለወጠው በእጅ የተጻፈው ወረቀት በፕሪንተር መታተሙ ብቻ ነው።

ሲነጋገሩም የመጀመሪያው ጣጣ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው?» የሚለው ነው። አንዱ ካርድ ክፍል «ዓለሙ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «አለሙ» ይለዋል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ሦስት ዓይነት ይሆናል። የአባት ስም ደግሞ ሺህ ሰው ይጋራዋል፤ ዕድሜም በግምት ነው። የፋይዳ መታወቂያ ለዚህ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ለባንክም ለስልክም የምንሰጠው ያው ቁጥር የሕክምና ታሪካችንን ብቻውን የሚከፍት ቁልፍ እንዳይሆን ነው። ሰውየውን ይለይ፤ በሩን ግን አይክፈት።

ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቀረው፣ ሕጉ የተራው ሠራተኛ ኮምፒውተር ድረስ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

ሰው የሚፈራው ከሩቅ ሆኖ የሚሰርቀውን ጠላፊ ነው። በሲንጋፖር ግን በጃንዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. የ14,200 ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች መረጃ አደባባይ ወጥቷል ሲባል፣ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው መዝገቡን የማየት ሥልጣን የነበረው ሐኪም የቅርብ ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳው ከውስጥ ነበር። እኛም ጋ አንድ የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ተጽፎ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈና የተረኛው ሁሉ መግቢያ ከሆነ፣ ማን ምን እንዳየ ለመጠየቅ እንኳ አይቻልም።

ኢስቶኒያ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የዜጎቿን የጤና መዝገብ በአገር አቀፍ ደረጃ ታገናኛለች። ከዚያ አሠራር የምቀናበት የኮምፒውተሩ ምጥቀት አይደለም። ታካሚው በራሱ መታወቂያ ገብቶ መዝገቡን ማን፣ መቼ እንደከፈተው በስም ለይቶ ማየት ይችላል፤ የመዝጋትም መብት አለው። ሕክምናው ውስጥ የሌለበት ሐኪም የጎረቤቱን ፋይል ከፍቶ ሲገኝ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ወሬ ሳይሆን ማስረጃ ያለው ክስ ይሆናል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህን ሁሉ ነገ አምጡ አይባልም። ማን መዝገቡን እንደከፈተ መመዝገብ ግን ሶፍትዌሩ ሲገዛ በውሉ ላይ የሚጻፍ ነገር እንጂ ኋላ የሚለጠፍ ጌጥ አይደለም።

ስለዚህ ሶፍትዌር ልትገዙ ውል የምታረቅቁ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችና የጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ይህ ሥርዓት ሪፈር ለምንልክለት ሆስፒታል መዝገቡን በቀጥታ ያስተላልፋል ወይ? ታካሚው መጥቶ «ፋይሌን ማን አየው?» ቢለን ዝርዝሩን አትመን መስጠት እንችላለን ወይ? ለአንዱም ቢሆን መልሱ «ወደፊት» ከሆነ አትፈርሙ።