«ክላሲካል ነዋ!»

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ጎብዬን አልፈን የራያ ሜዳ ከነማሽላው ፊታችን ሲዘረጋ ሾፌሩ ዘፈን የሌለበት ሙዚቃ ለቀቀ። ኦርጋኑ ሲጠይቅ ሳክስፎኑ ይመልሳል። ዋልያስ ባንድ መሆኑ ገና ከመጀመሪያው ገብቶኛል። ለወጉ ያህል፣
«ማን ነው የሚጫወተው?» አልኩት።
«ክላሲካል ነዋ፣ ጋሼ!»
«እሱስ ክላሲካል ነው። የተጫወቱት እነማን ናቸው?»
ዞር ብሎ አየኝና «ዘፋኝ የለውማ!» ብሎ ገላገለኝ።

በልጁ አልፈረድኩም። ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» በሚባል አንድ ከረጢት የከተትነው እኛው፣ ተማርን የምንለው ነን። ሬዲዮው ዜና እስኪደርስ ክፍተት ይሞላበታል። ማስታወቂያ ሠሪው ሳሙና ይሸጥበታል። ካፌው ማኪያቶ ያወራርድበታል። የተጫወቱትን ሰዎች ስም የሚጠራ ግን የለም።

እንግዲያው እኔ ልጥራ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋልያስ ማለት ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሀረጉ በድራም፣ ግርማ በየነ ደግሞ በፒያኖና በቅንብር ነው። በደርግ ሰዓት እላፊ፣ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል፣ አዲስ አበባ ሂልተን ውስጥ እስኪነጋ ያስጨፈሩት እነዚህ ናቸው። በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «ቼ በለው» የተሰኘውን አልበም ሠሩ። በ1981 አሜሪካን ሊዞሩ ሄዱ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላከና ግርማ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ዋልያስ የምንለው ያ ቡድን በዚያው ለሁለት ተከፈለ።

ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዱ ለብዙ ዓመት ኖሩ። ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ከመኪናው ኋላ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እኛ ረስተናቸዋል። ያስታወሳቸው ማን ነው? ባሕር ዳር ከተማ አሮጌ ካሴት ሲያገላብጥ የሳቸውን ሥራ ያገኘ አንድ አሜሪካዊ ነው። በ2013 ዳግም አሳተመው፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ካሴቱ የተገኘው በእኛው ከተማ፣ በእኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ስንቶቻችን በአጠገቡ አልፈን ይሆን?

አይቤክስ ባንድንም ተመልከቱ። በ1975 ማህሙድ አህመድ «እረ መላ መላ»ን ሲሠሩ ያጀባቸው እሱ ነው። ኋላ ስሙን ቀይሮ ሮሃ ሆነ፤ ሮሃ የላሊበላ ጥንታዊ ስም ነው፣ የዚሁ የሰሜን ወሎ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በጊታር፣ ፈቃደ አምደመስቀል በሳክስፎን፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ የተሰለፉበት ይህ ባንድ የካሴቱን ዘመን በትከሻው ተሸክሞ ያለፈ ነው። እቤቴ ገብቼ ካሴቶቼን ቆጠርኩ። «የማህሙድ»፣ «የኤፍሬም»፣ «የነዋይ» ብዬ በእጄ ጽፌባቸዋለሁ። «የሮሃ» ብዬ የጻፍኩበት አንድም የለም። ጣቴን የምቀስረው ከራሴ ጀምሬ ነው።

ቆቦ የሄድኩት ለሠርግ ነበር። ከሰዓት በኋላ «ባንዱ መጣ!» ተባለ፤ ልጆች እየሮጡ ወጡ። ባንዱ አንድ ልጅ ነው። አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት የድምፅ ሳጥን፣ በቃ። ድራሙም ቤዙም መሰንቆውም ከዚያች ሳጥን ይወጣል። ልጁን አልነቅፍም፤ ዳቦውን ነው። ደጋሹንም አልነቅፍም፤ ስምንት ሙዚቀኛ አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ከፍሎ መሸኘት ቀላል ወጪ አይደለም። የገረመኝ ማንም «ባንድ» የሚለው ቃል አለመጎርበጡ ነው።

ባንዶቻችንን ማን ገደላቸው ሲባል የተዘጋጀ መልስ አለን። አንዱ «ደርግ ነው» ይላል። ሰዓት እላፊውም ስደቱም እውነት ነው። ግን ደርግ ከወደቀ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሌላው «ኪቦርድ ነው» ይላል። ኪቦርድማ በዓለም ሁሉ አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ሐበሻ አብሮ መሥራት አይችልም፣ አባል ሲወጣ ይፈርሳል» ይላል። ይህን እንኳ ቆቦ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ማፈር አለበት።

ነሐሴ ሲጋመስ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ሶለል ይጫወታሉ። አምና ያወጣችው ዘንድሮ ተድራ ይሆናል፤ ከበሮ የመታችው ትምህርት ሄዳለች፤ ትናንት ከኋላ ሆና የምትቀበለው ትንሽ ልጅ ዛሬ ፊት ቆማለች። አባላቱ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ሶለል ግን ይመጣል። እድራችንስ? መሥራቾቹ አልፈው ድንኳኑና መዝገቡ ይቀራል። ሰው ሲሄድ የማይፈርስ ማኅበር ማቆም እናውቅበታለን። ልዩነቱ እድር መዝገብ አለው። የማን አባት ማን እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ምን እንዳዋጣ ተጽፏል። የባንዶቻችን መዝገብ የት አለ?

ፈረንጆቹን እይ። ዩሮፕ የሚባለው የስዊድን ሮክ ባንድ በ1986 «ዘ ፋይናል ካውንትዳውን»ን አውጥቶ ዓለም ባወቀው ዓመት ጊታሪስቱ ጆን ኖረም ጥሎት ወጣ። ኪ ማርሴሎ ተተካ። በ1992 ሥራ አቆመ፤ በ2003 ኖረም ተመልሶ እንደገና ተሰባሰቡ። እነሱም ይጣላሉ፣ እነሱም ይበተናሉ። ግን የትኛውን አልበም ማን እንደተጫወተ በየሽፋኑ ተጽፏል፤ ሲመለሱ የሚመለሱበት ስም አላቸው። የእኛዎቹን ስም ዝርዝር በወጉ ለማንበብ ፈረንሳይ የታተመውን «ኢትዮፒክስ» መጠበቅ ነበረብን።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ መብት የሰጠው ለዜማና ግጥም ደራሲ ብቻ አይደለም፤ ለተጫወተውም ነው። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ ድራመር መብቱን በምን ያስመሰክራል? ልጆቹስ አባታቸው ቤዙን እንደመታ በማን ምስክር ይጠይቃሉ? ለዘፋኙ ትልቅ ፎቶ ቦታ የተገኘበት ሽፋን ለስድስት ስም አንድ መስመር አጥቶ አያውቅም። የጠፋው ፈቃድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። እኛ ግን ሃምሳ ሰው የተሸከመውን ለአንድ ሰው ጌጥ አደረግነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አሳታሚ፣ ጻፍ። የሬዲዮ አዘጋጅ፣ «አሁን የሰማችሁት» ካልክ አይቀር ባንዱንና ተጫዋቾቹን ጥራ። ዘፋኝ ሆይ፣ መድረክ ላይ «ባንዱን አጨብጭቡለት» ብለህ አትለፍ፤ በየስማቸው አስጨብጭብላቸው።

ቆቦ መናኸሪያ ስንደርስ ሒሳቤን ከፍዬ ለሾፌሩ ሰባቱን ስም ነገርኩት። በጣቱ እየቆጠረ ሰማኝ። ከዚያ ፍላሹን ነቅሎ አገላብጦ አየውና፣
«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ሳይጻፍ ቀረ?» አለኝ።
መልስ አጥቼ ሻንጣዬን አንስቼ ወረድኩ።