የሽቦው ዕድሜና የልጃችን ዕድሜ



ቬፕ ወይም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚባለውን ዕቃ የሚጠቀሙ ወጣቶች ስለ ዕቃቸው ሲጨዋወቱ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። ወሬያቸው ሁሉ ስለ አቶማይዘሩ ነው። አቶማይዘር ማለት ፈሳሹን አግሎ ወደ ጢስነት የሚለውጠው የዕቃው ክፍል ነው። የትኛው ጣዕሙን አጉልቶ ያወጣል? የትኛው ጉልበት አለው? የትኛው ሳያርር ረዥም ጊዜ ያገለግላል? በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች ዕቃዎቹን ይመዝናሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ይከራከራሉ። ሻጩም የሚያስተዋውቀው በእነዚሁ ነው።

መርምሮ መግዛት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሙስሊም ለኡድሒያ በግ ሲገዛ ዓይኑን ያያል፣ ጥርሱን ያያል፣ አለማነከሱን ያረጋግጣል። ነገር ግን እነዚህ ሦስት መለኪያዎች የሚመረምሩት ዕቃውን ብቻ ነው። ዕቃውን በአፉ ስለሚይዘው የአደም ልጅ አንዳች አይጠይቁም። ስለዚህ ዛሬ ሦስቱንም አንድ በአንድ አንስተን፣ የሚመሰገንበት ነገር ሁሉ ለተጠቃሚው ምን እንደሆነ እንመልከት። ምክንያቱም ይህ ዕቃ በተሻለ ቁጥር ለልጆቻችን የባሰ እንደሚሆን ብዙ ወላጆች ገና አልተገነዘቡም።

ዕቃው ምንድን ነው?

ዛሬ የምናውቀውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። እሱ ራሱ አጫሽ ነበር። የዕቃው አሠራር ውስብስብ አይደለም። ባትሪ አለው፤ ፈሳሽ የሚያዝበት ማጠራቀሚያ አለው፤ በመካከላቸው ጥምዝ ሽቦና ጥጥ አለ። ጥጡ ፈሳሹን ይመጣል፤ ባትሪው ሽቦውን ያግላል፤ ፈሳሹ ተንኖ ወደ ሳንባ ይሳባል። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከሚባሉ ነገሮች፣ ከጣዕም ማጣፈጫና አብዛኛውን ጊዜ ከኒኮቲን የተቀመመ ነው። እንግዲህ አንዳንዶች “የውኃ እንፋሎት ነው” የሚሉት ስህተት ነው። ከአፍ የሚወጣው ነጭ ጉም የእነዚህ ቅመሞች ደቃቅ ጠብታዎች ክምችት ነው።

አንደኛው መለኪያ፦ ጣዕም

ሲጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ልጅ ያስለዋል፤ ጉሮሮው ይከረከራል፤ ዓይኑ ያነባል። ቤት ሲገባም እናቱ ሽታውን ትይዛለች። ይህ መጥፎ ሽታና መራራ ጣዕም በልጁና በሱሱ መካከል የቆመ ዘበኛ ነበር። ጣዕም ማለት ታዲያ ይህን ዘበኛ ማባረር ማለት ነው። ማንጎ፣ እንጆሪ፣ ናና፣ ከረሜላ፤ እነዚህ ሁሉ ጣዕሞች በዋናነት ለማን የታሰቡ ይመስላችኋል? 40 ዓመት ሲጋራ ያጨሰ ሽማግሌ የከረሜላ ጣዕም ናፈቀኝ ብሎ አቤቱታ ያቀርባልን? ሺሻም ከዚህ በፊት በዚሁ በር ነበር የገባብን። የፖም ሽታ ስላለው ብቻ ትምባሆ መሆኑ ተረስቶ በየቤቱ ተቀምጧል።

ማጣፈጫዎቹ ለምግብነት የተፈቀዱ ናቸው የሚል ክርክርም ይሰማል። ሆድና ሳንባ ግን አንድ አይደሉም። በምግብ ውስጥ ሲበላ የማይጎዳ ነገር ተንኖ ሲተነፈስ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ዲያሲቲል የተባለው የቅቤ ቃና የሚሰጥ ማጣፈጫ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአሜሪካ የፈንዲሻ ፋብሪካዎች ውስጥ ይህን ነገር በብዛት የተነፈሱ ሠራተኞች የማይድን የሳንባ በሽታ ይዟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 51 ዓይነት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጣዕሞችን ሲመረምሩ በ39ኙ ውስጥ ዲያሲቲልን አግኝተውታል። መጠኑ ይነስም ይብዛ፣ የትኛው ወላጅ ነው የልጁን ሳንባ ለዚህ ሙከራ የሚያበረክተው?

ሁለተኛው መለኪያ፦ ጉልበት

ጉልበት አለው የሚባለው አቶማይዘር በአንድ ጊዜ ብዙ ፈሳሽ የሚያተን ነው። ለዚህም ሲባል ክብ ጥምዝ ሽቦው በወንፊት መሰል ስስ ብረት እየተተካ መጥቷል። ወንፊቱ ሰፊ ገጽ ስላለው ጢሱ ይወፍራል፤ ጣዕሙም ይጎላል። ፈሳሹ ኒኮቲን ካለው ግን ከጢሱ ጋር አብሮ የሚወፍረው ኒኮቲኑም ነው። ስለዚህ “ጉልበት አለው” ሲባል “በአጭር ጊዜ ብዙ የሱስ ንጥረ ነገር ያስገባል” እየተባለ መሆኑን እንወቅ።

ነገሩ በአቶማይዘሩ ብቻም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ጁል የተባለው ዕቃ ኒኮቲንን ከአሲድ ጋር አዋህዶ ጉሮሮን እንዳይከረክር አደረገው። አውራ ጣት የማታክለው አንዷ ማጠራቀሚያው የአንድ ፓኮ ሲጋራን ያህል ኒኮቲን ትይዝ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? በአገሪቱ ብሔራዊ ጥናት መሠረት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚጠቀሙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 11.7 በመቶ ነበሩ። በ2018 20.8 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 27.5 በመቶ ሆኑ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው!

የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ በእድገት ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚገባ ኒኮቲን ትኩረትን፣ መማርንና ስሜትን መቆጣጠርን ይጎዳል። ይህ ዕድሜ ልጆቻችን ቁርኣን የሚሐፍዙበት፣ ትምህርታቸውን የሚጨብጡበት፣ ጠባያቸው የሚቀረጽበት ዕድሜ ነው። የዕውቀት ዕቃ የሆነውን አእምሮ በእንቡጡ ከመቅጨት የበለጠ ምን ኪሳራ አለ?

ሦስተኛው መለኪያ፦ ዕድሜ

አሁን ደግሞ ወደሚያሳዝነው መለኪያ እንምጣ። አንድ ጥምዝ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያገለግላል። ጣፋጭ ፈሳሽ ሲበዛበት ማጣፈጫው ሽቦው ላይ እያረረ ያጠቁረውና ዕድሜው ያጥራል። ጥጡ ደርቆ ሽቦው ከጋለ ደግሞ ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ መርዞች በብዛት ይፈጠራሉ። ስለዚህ የዘርፉ ሰዎች ምክር “ቶሎ ቶሎ ቀይሩት” የሚል ነው።

ምክሩ ያዋጣልን? እ.ኤ.አ. በ2018 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ56 ተጠቃሚዎችን ዕቃ መርምረው ነበር። በፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው እርሳስ እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን፣ በሽቦው ግሎ በወጣው ጢስ ውስጥ ያለው ግን በመካከለኛ ልኬት ከ25 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ኒኬል፣ ክሮሚየምና ማንጋኒዝም ተገኝተዋል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሽቦአቸውን ቶሎ ቶሎ በሚቀይሩት ሰዎች ዘንድ የብረቱ መጠን ከፍ ወደ ማለት ማዘንበሉ ነው። እንግዲህ አሮጌው ሽቦ ያራል፤ አዲሱ ሽቦ ብረቱን ይለግሳል። ከሁለቱ የትኛውን እንምረጥ? ለእርሳስ፣ በተለይ ለልጆች፣ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

የሽቦውን ዕድሜ በቀን የሚቆጥር ወጣት የራሱን ዕድሜ የሚቆጥርለት ማን ነው? ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የትንሣኤ ዕለት ባሪያው ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈ፣ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ በምን እንዳዋለ ሳይጠየቅ እግሩ ከቦታው እንደማይንቀሳቀስ ነግረውናል። ሽቦ ይቀየራል። ሳንባ ግን መለዋወጫ የለውም።

“ከሲጋራ ይሻላል” ለሚሉ

እውነትን መሸሸግ ከእኛ አይጠበቅምና ይህን ክርክር በሚዛን እንመልሰው። ለዓመታት ሲጋራ ያጨሰና ማቆም ያቃተው ሰው ሙሉ በሙሉ ወደዚህ ዕቃ ቢዛወር፣ ከሲጋራ ቃጠሎ የሚመጡ ብዙ መርዞች ይቀንሱለታል። አንዳንዶችን ሲጋራ ለማቆም እንደረዳቸው የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ነገር ግን ይህ ጉድጓድ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚወረወር ገመድ ነው። ገመድ አለ ተብሎ ሜዳ ላይ የሚጫወት ልጅ ወደ ጉድጓዱ ይወርወራልን? ሲጋራ ነክቶ ለማያውቅ የ16 ዓመት ልጅ ንጽጽሩ ከሲጋራ ጋር ሳይሆን አላህ ከሰጠው ንጹሕ አየር ጋር ነው።

“የእኔ ኒኮቲን የለበትም” የሚልም አለ። ዕቃው ግን የሚጨመርበትን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በዚህ ዕቃ ሳቢያ 2,807 ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ሲገቡ ወይም ሲሞቱ፣ ከመካከላቸው 68ቱ ሕይወታቸው አልፏል። በዋናነት ምክንያት ሆኖ የተገኘው ከካናቢስ ቅመም ጋር የተቀላቀለ ቅባት መሰል ቫይታሚን ነበር። ከውጭ ያየው ወላጅ የማንጎ ጢስ ይሁን ሌላ በምን ይለየዋል?

ሸሪዓችን ምን ይላል?

“ቬፕ የሚል ቃል በቁርኣን የለም” የሚል ወጣት ያጋጥማችሁ ይሆናል። ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው ከሒጅራ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ዘመን ዑለማዎች ተለያይተውበት ነበር። እንደ ሸይኽ ዐብዱልገኒ አን-ናቡልሲ ያሉት የፈቀዱት ጉዳቱ በማስረጃ አልተረጋገጠም ብለው ነው። ጉዳቱ ሲረጋገጥ ግን በርካታ የዘመናችን ዑለማዎች ሐራምነቱን ተናግረዋል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን በተመለከተም የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015፣ የኢንዶኔዥያው ሙሐመዲያ በ2020 ሐራም መሆኑን ወስነዋል። መሠረቱ ግልጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ ቁጥር 195 ላይ በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) ራስን መጉዳትንም ሌላውን መጉዳትንም ዘግተዋል። በረመዳን “እንፋሎት እንጂ ምግብ አይደለም” እያለ የሚያጨስ ካለም፣ ጣዕምና ኒኮቲን ያለበትን ነገር ሆን ብሎ ወደ ውስጥ እየሳበ ጾመኛ ነኝ ማለት ራስን ማታለል መሆኑን ይወቅ።

ምን እናድርግ?

የአገራችን ሕግም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ማስገባትም ሆነ መሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ይህን ዕቃ ደብቀህ የምታመጣ ከሆነ ሕግ ጥሰህ፣ የወንድምህን ልጅ ጎድተህ የምታገኘው ትርፍ በረካ ይኖረው ይሆን? በዐረብ አገር የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም አስተውሉ። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ሽያጩ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ተፈቅዷል። በሕጋዊ ሱቅ መሸጡ ግን ሐላል አያደርገውም። በላብና በናፍቆት የተገኘ ገንዘብ ለታናሽ ወንድም የሳንባ በሽታ ስጦታ እንዳይሆን።

አባት ሆይ! ራስህ እያጨስክ ልጅህን ብትከለክል ቃልህ ጆሮው ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ከራስህ ጀምር። እናት ሆይ! ከልጅሽ ልብስ የሚሸተው የፍራፍሬ ሽታ ሁሉ ሽቶ አይደለም። እስክሪብቶ ወይም ፍላሽ የሚመስለውም ዕቃ ሁሉ የትምህርት ዕቃ አይደለም። ብታገኙበትም በዱላና በስድብ ከቤት አታሽሹት፤ የሚሸሸው ወደሰጡት ጓደኞቹ ነውና። አስቀምጣችሁ አዋዩት፤ ከተያዘም እንደ ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የመስጊድ ኢማሞቻችንና የመድረሳ አስተማሪዎቻችንም ስለ ሲጋራና ጫት የሚናገሩትን ያህል ስለዚህም ይናገሩ።

ተስፋ መቁረጥ ግን የለብንም። ቀደም ሲል 27.5 በመቶ ያልነው የአሜሪካ ተማሪዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 7.8 በመቶ ወርዷል። የወጣው ማዕበል መመለስ ይችላል ማለት ነው። እነሱ ካቃጠላቸው በኋላ ነው የነቁት፤ እኛ ዘንድ ግን እሳቱ ገና ደጃፍ ላይ ነው።

ልጆቻችን አላህ ዘንድ የምንጠየቅባቸው አማናዎች ናቸው። ጣዕምን፣ ጉልበትንና ዕድሜን መመዘን ካስፈለገ የኢማንን ጣዕም፣ የሰውነታቸውን ጉልበትና በመልካም ሥራ የሚያልፈውን ዕድሜ እንመዝንላቸው። አላህ ትውልዳችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።