የገዳሪፍ ሠርግና የቤት ኮምፒውተር

የሱዳኗ ገዳሪፍ የምትታወቀው በሰሊጥና በማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የአካባቢው የሠርግ ሙዚቃ በአልበም ወጣ። ኪቦርዱን የሚጫወተው ጃንትራ ይባላል፤ አሳታሚው ኦስቲናቶ ሬከርድስ ነው፤ ርዕሱም በሱዳንና በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ያለችውን የፋሽቃን ስም ይዟል። መሣሪያው ለሱዳን ጭፈራ እንዲስማማ የተነካካ ያማሃ ነው። አሳታሚው ድምፁን ብቻ ቀድቶ አልሄደም፤ የሚዲ መረጃውንም ወሰደ።

ሚዲ ድምፅ አይደለም። የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚናገር ትእዛዝ ነው፤ ኃይሉ ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይለካል። ስለዚህ ዛሬ በኦርጋን የተጫወቱትን ዜማ ነገ በክራር ድምፅ ማሰማት፣ የተሳተችውንም ኖታ ለብቻዋ ማረም ይቻላል።

ይህን ያወቀ ሰው ውድ ሲንተሳይዘር ለመግዛት አይቸኩልም። ባለ ዩኤስቢ ኪቦርድና እንደ ሰርጅ ኤክስቲ ያለ ነፃ ሶፍትዌር ለጀማሪ ይበቃሉ። ሰርጅ ቅኝቱን ከ12ቱ እኩል ድምፆች አውጥቶ ማስተካከልም ይፈቅዳል፤ ለአንቺሆዬ ወዳጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጣት ቁልፉን ከነካ በኋላ ድምፁ ከዘገየ፣ ኪቦርዱን ከመርገም በፊት የድምፅ ካርዱን ድራይቨር ማየት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ አሲዮ የሚባለው ይሻላል።

የሠርግ መድረክ ግን ሌላ ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም ላፕቶፑ ራሱን ማዘመን ቢያምረው ሙሽራ አይጠብቅም። እዚያ የራሱ ምትና ድምፅ ያለው፣ በባትሪም የሚሠራ አሮጌ ኪቦርድ ይመረጣል። ከኋላው ባለ 5 ቀዳዳ የሚዲ ሶኬት ካለው ደግሞ፣ ቤት ሲገባ በአንዲት መቀየሪያ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል።