ትንሿ ሞተር ብስክሌትና የአፋር በረሃ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፣ ከዱራሜም ወደ ሺንሺቾ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ትንሿን ሞተር ብስክሌት የማያውቅ የለም። ሆኖም አንድ ወጣት በዚህችው ሞተር ብቻዬን ወደ አፋር በረሃ ልውረድ ቢል «እርሷ አትችልም፤ ትልቅ ሞተር ያስፈልግሃል» መባሉ አይቀርም። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን የተነሣው ቴድ ሳይመን የሱዳንን በረሃ አቋርጦ ኢትዮጵያ የገባው በ500 ሲሲ ትራያምፍ ነበር። በበረሃ ይበልጥ የሚያሰጋው ሞተሩ ሳይሆን ነጂው ነው፤ ይህንንም በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ማሳየት ይቻላል።

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። መንገደኛው በቡታጅራና በአዳማ አድርጎ፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሰመራን አልፎ፣ ከሰርዶ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ቢታጠፍ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የአየር ግፊቱ ከ77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ወደ 102 ከፍ ይላል። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ የአየሩ እፍጋት በ32 በመቶ ያህል በጨመረ ነበር፤ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወጣ ግን ጭማሪው ወደ 23 በመቶ ይወርዳል።

ካርቡሬተሩ ይህን አያውቅም። የሚሳበው አየር በ23 በመቶ ሲጨምር፣ ቤንዚኑ የሚጨምረው በእፍጋቱ ዳግም ዘር ልክ፣ ማለትም በ11 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ለደጋ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ቆላ ሲወርድ ድብልቁ ይሳሳል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። (ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው አዳዲስ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።) ጥሩ መካኒክ ያለ ቀመር ይደርስበታል፤ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ያያል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል፤ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ተማሪዎቻችን ግን ቀመሩን ይዘው ካንዴላ ሳይፈቱ ይመረቃሉ። ይህ ያስቆጨኛል። ለማንኛውም ከጉዞው በፊት የፋብሪካው የነዳጅ ማሳለፊያ ይመለስ፤ አዋሽ ላይም ካንዴላው ይታይ።

«በረሃ ስትወርድ ጎማህን አተንፍስ» የሚባለውስ? ሆሳዕና ላይ በመለኪያ 200 ኪሎ ፓስካል የተነፋ ጎማ በትኩስ አስፋልት 60 ዲግሪ ቢደርስ የውስጡ ግፊት በ40 ያህል ይጨምራል፤ የውጭው አየር ግን በ25 ከብዶ ይጠብቀዋል። መለኪያው የሚያሳየው 215 ገደማ ነው። ይህ ጎማ አያፈነዳም። ይልቁንም በቂ ነፋስ የሌለው ጎማ ከባድ ጭነት ተሸክሞ ሲተጣጠፍ ራሱን ያግላል። ማተንፈስ ለአሸዋ ብቻ ነው፤ ከአሸዋው ሲወጡም ወዲያው መንፋት ያሻል።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር የሲሊንደሩ ክንፎች 150 ዲግሪ ቢሞቁ፣ ከአየሩ ጋር ያላቸው ልዩነት በሆሳዕና 132፣ በአፋር 110 ይሆናል፤ አንድ ስድስተኛ ብቻ ቀነሰ። የነጂው ቆዳ ግን 35 ዲግሪ ገደማ ነው። በሆሳዕና ልዩነቱ 17 ነበር፤ በአፋር ከዜሮ በታች 5 ሆነ። ምልክቱ ተገለበጠ! ነፋሱ ነጂውን ማቀዝቀዙን ትቶ ያሞቀዋል፤ የቀረው መከላከያ ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ነገር ግን ነፋሱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ነጂው ማላቡን እንኳ ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ይለበስ፤ ጥማትም አይጠበቅ።

በሰዓት 1 ሊትር ላብ ቢወጣ፣ 10 ሊትር ውሃ የ10 ሰዓት ዕድሜ ነው፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ግራም። ይህን ለመጫን ሌላ ነገር መውረድ አለበት፤ የዝግጅቱ ዋና ሥራም እኔ እንደማየው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ትርፍ ካንዴላ፣ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ የፍሪሲዮን ገመድና የካቴና ማያያዣ ይበቃሉ። ውሃው ከኋላ ከፍ ብሎ ከተጫነ የፊት ጎማውን ስለሚያቀልለው በሁለቱ ጎኖች ዝቅ ተደርጎ ይታሰር። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ባለው ቀትር ጥላ ተፈልጎ ይታረፍ። ሰርዶ ላይም ከመታጠፍ በፊት አፍዴራ የሚደረስበት ሰዓት ለአንድ ሰው ይነገር፤ ያ ሰዓት ካለፈ ማን ፍለጋ እንደሚወጣም አስቀድሞ ይወሰን።